የማጅራት ገትር በሕፃናትና በልጆች ላይ እንዴት ይታወቃል?

(ለመምህራንና ለቤተሰብ ኃላፊዎች የተዘጋጀ)

በአገራችን ቋንቋ ብዙዎቹ በሽታዎች ስማቸውን ያገኙት ከሚታይባቸው ምልክት ነው። ልጁን ያለ ዕረፍት የሚያስለው በሽታ በሳሉ ድምፅ «ትክትክ» ተባለ፤ መንጋጋን አጥብቆ የሚይዘው «መንጋጋ ቆልፍ» ተባለ። አንገትን በስተኋላ ይዞ እንደ እንጨት የሚያደርቀውም በሽታ «ማጅራት ገትር» ተብሎ ተሰየመ። ይህን ስም ያወጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው በሽተኛውን በጥሞና ተመልክተው ያገኙት እውነት ስለ ሆነ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

ነገር ግን ስሙ አንድ ችግር አለበት። በትልቅ ልጅና በጎልማሳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይናገራል፤ በሕፃን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ማጅራቱ ጨርሶ ሳይገተር በዚሁ በሽታ ሊሞት ይችላል። እናቲቱ «አንገቱ ደህና ነው፤ እንግዲያስ ያ ክፉ በሽታ አይደለም» ብላ ስትጽናና፣ ልጁን ለማዳን የሚቻልበት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ነው። አንደኛው፣ በሽታው በትልቁ ልጅና በሕፃኑ ላይ በየትኛው ልዩ ልዩ ምልክት እንደሚጠረጠር ነው። ሁለተኛው፣ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኛ ዕውቀት የሚለወጠው ከጀርባ በሚቀዳ ጥቂት ውኃ መሆኑንና ይህም ምርመራ የሚያስፈራ አለመሆኑን ነው።

፩. በሽታው ምንድን ነው?

አንጎላችንና ኅብለ ሰረሰራችን በስስ ሽፋኖች ተጠቅልለው ይኖራሉ። በሽፋኖቹም መካከል እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይመላለሳል። ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በደም በኩል ወይም ከጆሮና ከአፍንጫ አጠገብ ካለ ቁስል ተነሥተው ወደዚህ ፈሳሽ በገቡ ጊዜ ሽፋኖቹ ይቆጣሉ፤ ያብጣሉ፤ መግልም ይይዛሉ። አንጎል በራስ ቅል አጥንት የተከበበ ስለ ሆነ እብጠቱ የሚሰፋበት ቦታ አያገኝም። ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በልጆች ላይ ይህን በሽታ በብዛት የሚያመጡት ሦስት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም በወረርሽኝ መልክ የሚነሣው ሜኒንጎኮከስ፣ የሳንባ ምችንም የሚያመጣው ኒሞኮከስ፣ በአጭር አጠራሩ ሂብ የሚባለውም ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ናቸው። በተወለደ በመጀመሪያው ወር ሕፃኑን የሚያጠቁት ግን ሌሎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች የሚይዙት ናቸው።

የሽፋኖቹ መቆጣት በቫይረስ፣ በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና በፈንገስም ሊመጣ ይችላል። በቫይረስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። በሳንባ ነቀርሳ የሚመጣው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ልጁን ያከሳዋል፤ ያፈዝዘዋልም። ከላይ የጠቀስናቸው ባክቴሪያዎች የሚያመጡት ግን በሰዓታት የሚሮጥ ነው። ጧት ደህና የነበረ ልጅ እስከ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሚያዙት ስድስት ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከአምስቱም በአንዱ ላይ ብርቱ ጉዳት ይከተላል።

፪. በሽታው በአገራችን

የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በዓለም ሁሉ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ላፔይሶኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሰሐራ በረሃ በታች ያለውን፣ በሽታው በየጊዜው የሚያገረሽበትን ምድር «የማጅራት ገትር መቀነት» ብሎ ሰየመው። ይህ መቀነት ዛሬ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ እንደሚደርስ ይቆጠራል። ወረርሽኙ የሚበረታው በደረቁ ወራት ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፤ አቧራውና ደረቁ አየር የአፍንጫንና የጉሮሮን ውስጠኛ ልባስ ስለሚያቆስለው ባክቴሪያው በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ዝናሙ በደንብ ሲጥል በሽታው ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፉት ወረርሽኞች የተነሡት በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) እና በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) ነው። በመጀመሪያው ወደ 50,000 የሚጠጉ፣ በሁለተኛው ከ40,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ታመሙ። እነዚያ ወረርሽኞች የመጡት ሜኒንጎኮከስ «ኤ» በሚባለው ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀው ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት በመቀነቱ አገሮች መሰጠት ጀመረ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ድረስ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሰዎች በየክፍለ አገሩ በተራ ተሰጠ። ከዚህ በኋላ «ኤ» የሚባለው ዓይነት ከመቀነቱ አገሮች ሊጠፋ ተቃረበ።

ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን አንባቢ «እንግዲያስ በሽታው አለፈ» ብሎ እንዳይዘናጋ ያስፈልጋል። ሌሎቹ የሜኒንጎኮከስ ዓይነቶችና ኒሞኮከስ አሁንም አሉ። ኒሞኮከስ ወረርሽኝን አይጠብቅም፤ በደረቁ ወራት ብቻም አይመጣም፤ አንዱን ሕፃን በአንድ ቤት ብቻ ሊያጠቃ ይችላል። በዚህም ምክንያት ሰፈርተኛው ስለ በሽታው ሳይሰማ ልጁ ይታመማል።

፫. ሁለት ልጆች

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ምሳሌው ለትምህርት የተዘጋጀ እንጂ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ነገር በየጤና ጣቢያው የሚያጋጥም ነው።

በመካኒሳ አቦ አካባቢ፣ በየካቲት ወር፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የ9 ዓመት ልጅ ሰኞ ጧት ትምህርት ቤት መጣ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን በዴስኩ ላይ ደፋ። መምህርቱ ስትጠይቀው «ራሴን አመመኝ» አላት። ገላው ይፋጃል፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ስላስቸገረው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አስመለሰው። መምህርቱ ልጁን አስቀምጣ «አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግ» አለችው። ልጁ አፉን ከፍቶ አገጩን ወደ ታች ለማምጣት ሞከረ፤ አንገቱ ግን አልታዘዘለትም፤ ከሕመሙ የተነሣም አለቀሰ። መምህርቱ ነገሩን ለርእሰ መምህሩ አስታውቃ፣ ወላጆቹ ተጠርተው፣ ልጁ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጤና ጣቢያ ደረሰ።

በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሰፈር፣ አንዲት የ5 ወር ሕፃን ትኩሳት ያዛት። ጡት ስትሰጣት ትተወዋለች፤ የጠባችውንም ታስመልሳለች። እናቲቱ አቅፋ ስታባብላት እንደ ወትሮው ዝም በማለት ፈንታ ይበልጥ ትጮኻለች፤ ሲያስቀምጧት ግን ጸጥ ትላለች። አያትየው «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል» አሉ። ጎረቤትም «ምች ይሆናል» አለች። ለአንገቷ መገተር ምልክት አልታየም። ሁለተኛው ቀን ላይ ሕፃኗ ዝልፍልፍ አለች፤ በሦስተኛው ቀን ጧት ግራ እጇና እግሯ ሲንዘፈዘፍ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች።

ሁለቱም ልጆች የታመሙት ማጅራት ገትር ነው። የልጁ በሽታ በስሙ መሠረት ራሱን ገለጠ፤ የሕፃኗ ግን ስሙን ደብቆ መጣ።

፬. በትልቅ ልጅ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ዕድሜው ከሁለት ዓመት በላይ በሆነ ልጅ ላይ የሚከተሉት በአንድነት ወይም ከፊላቸው ሲታዩ በሽታው ይጠረጠራል፤

ሀ) ድንገት የሚነሣ ብርቱ ትኩሳት፤
ለ) ከተለመደው የተለየ ጽኑ ራስ ምታት፤
ሐ) ትውከት፤
መ) የአንገት መገተር፤ ይኸውም አገጭን ወደ ደረት ማድረስ አለመቻል፤
ሠ) ብርሃንን መሸሽ፤
ረ) መፍዘዝ፣ መቃዠት፣ ሲጠሩት ፈጥኖ አለመመለስ ወይም ራስን መሳት፤
ሰ) መንዘፍዘፍ፤
ሸ) በገላ ላይ የሚወጣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ሽፍታ።

ስለ ሽፍታው አንድ ነገር እንጨምር። ሜኒንጎኮከስ በደም ውስጥ ሲባዛ ከቆዳ በታች ደም ይፈስሳል። ጥርት ያለ ብርጭቆ በሽፍታው ላይ ጫን ሲደረግ ተራ ሽፍታ ይደበዝዛል፤ ይህኛው ግን በብርጭቆው ሥር እንዳለ ይታያል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ይህን ማየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ የእጅን መዳፍ፣ የእግርን ውስጥ፣ የዓይንን ሽፋሽፍት ውስጠኛ ክፍልና ላንቃን መመልከት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሽፍታ የታየበት ልጅ አንዲት ሰዓት እንኳ በቤት ሊቆይ አይገባውም።

ሐኪሞች ከዚህ ሌላ ሁለት የታወቁ ፍተሻዎች አሏቸው። አንዱ ኬርኒግ በተባለው ሐኪም ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ፣ ጭኑ ወደ ላይ ታጥፎ ሳለ ጉልበቱን ለመዘርጋት ይሞከራል፤ በማጅራት ገትር የታመመው ልጅ ከሕመሙ የተነሣ እግሩን ማስዘርጋት አይችልም። ሁለተኛው ብሩድዚንስኪ የተባለው የፖላንድ የልጆች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 የገለጸው ነው፤ የተኛውን ልጅ ራስ ወደ ፊት ቀና ሲያደርጉት ጉልበቶቹ ሳይፈልግ ይታጠፋሉ። እነዚህ ምልክቶች ከተገኙ ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ፤ አለመገኘታቸው ግን በሽታው የለም ለማለት አያበቃም።

፭. በሕፃን ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ከአንድ ዓመት ተኩል በታች በሆነ ሕፃን፣ ይልቁንም ገና በተወለደው ላይ፣ የአንገት መገተርን መጠበቅ አይገባም። ሕፃኑ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ የሚከተሉትን መመልከት ያስፈልጋል፤

ሀ) ጡት ወይም ሌላ ምግብ አለመቀበል፤
ለ) የሰጡትን ሁሉ ማስመለስ፤
ሐ) ከወትሮው የተለየ ቀጭንና የማያቋርጥ ጩኸት፤ ሲያቅፉትና ሲያንቀሳቅሱት መባስ፤
መ) መፍዘዝ፣ ዝልፍልፍ ማለት፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር፤
ሠ) መንዘፍዘፍ፤ አንዳንድ ጊዜም የአንድ እጅ ወይም የአፍ ዙሪያ መንቀጥቀጥ ብቻ፤
ረ) ትኩሳት፤ በጨቅላ ሕፃን ላይ ግን በትኩሳት ፈንታ የገላ መቀዝቀዝ፤
ሰ) የእርግብግቢት ማበጥና መወጠር።

የእርግብግቢት ነገር ልዩ ማስተዋል ይገባዋል። እናቶቻችን በሕፃኑ እርግብግቢት ላይ ቅቤ የማድረግ ልማድ ስላላቸው ቦታውን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ይህ ዕውቀታቸው ሕይወት ሊያድን ይችላል። ጤነኛው ሕፃን ሳያለቅስ ቀና ተደርጎ ሲያዝ እርግብግቢቱ ለስላሳና ከራስ ቅሉ ጋር የተስተካከለ ነው። በተቅማጥና በትውከት ውኃው ያለቀበት ሕፃን እርግብግቢቱ ይሰረጉዳል። በአንጎል ሽፋን ቁጣ የታመመው ግን እርግብግቢቱ ወደ ላይ ያብጣል፤ ሲነኩትም ይወጠራል። ሕፃን ሲያለቅስ እርግብግቢቱ ለጊዜው ስለሚነሣ መመልከት የሚገባው ጸጥ ባለ ጊዜ ነው። ያበጠ እርግብግቢት ብርቱ ምልክት ነው፤ አለማበጡ ግን ሕፃኑ ደህና ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም።

ሕፃኑ አልጠባም ካለ፣ ሁሉን ካስመለሰ፣ ከተንዘፈዘፈ ወይም ከደነዘዘ፣ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ብቻ እንኳ ቢታይ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ በቂ ምክንያት ነው። በጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎችም ሕፃናትን የሚመረምሩበት መመሪያ እነዚህን አራቱን «አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች» ይላቸዋል።

፮. ጊዜ የሚያጠፉ ግምቶች

ልጆች ዘግይተው ሐኪም ቤት የሚደርሱት ወላጆች ስለማይወዷቸው አይደለም። የሚዘገዩት ለምልክቱ ሌላ ስም ስለሚሰጠው ነው።

ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ «ምች መታው» ይባልና ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይሰጣል። ለቀላል ጉንፋን ልጁ ቢያርፍበት የሚጎዳ ነገር የለም፤ ነገር ግን ትውከትና መፍዘዝ ከተጨመረ ምች ነው ብሎ ማደር አይገባም። ሕፃኑ አልጠባ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል መቁረጥ በሽታውን ካለማዳኑም በላይ ደም ያፈሳል፤ ሌላ ባክቴሪያም ያስገባል። ልጁ ሲንዘፈዘፍ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ቤተሰቡ በእምነቱ ጸሎት ማድረጉና ጠበል መሻቱ ከሐኪም ቤት የሚከለክለው አይደለም፤ የሚጎዳው ቀኑን መጠበቁ ነው። ልጁን ወደ ሐኪም እየወሰዱ መጸለይ ይቻላል።

የተማረው ከተሜም የራሱ ስሕተት አለው። «ታይፎይድ ይሆናል፤ ታይፈስ ይሆናል» እያለ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይገዛል። የሚዋጠው መድኃኒት መጠን ወደ አንጎል ሽፋን ገብቶ ባክቴሪያውን ለመግደል አይበቃም፤ ትኩሳቱን ለጥቂት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ቤተሰቡን ያዘናጋል። ከዚህም ሌላ በላቦራቶሪ ባክቴሪያውን ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ለልጁ አስቀድሞ የተሰጠ መድኃኒት ቢኖር፣ ሳይደብቁ ለሐኪሙ መንገር፣ ቢቻልም መያዣውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መድኃኒቱን የደበቀም በሽታውን ያስደብቃል።

፯. ከጀርባ ውኃ መቅዳት ለምን ያስፈልጋል?

እስካሁን የተናገርናቸው ምልክቶች ሁሉ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። ከቆላ አገር የተመለሰ ልጅ በወባ፣ ሌላውም ልጅ በሳንባ ምች ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። በአንጎል ሽፋን ውስጥ ያለውን ነገር በእርግጥ የሚናገረው በዚያ የሚመላለሰው ፈሳሽ ብቻ ነው። ይህን ፈሳሽ ከጀርባ በመርፌ ለመቅዳት የሚያስችለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1891 ያስተዋወቀው ክዊንከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ በሥራ ላይ ሲውል ይኖራል።

ብዙ ወላጆች «ከጀርባው ውኃ ከተወሰደ ሽባ ይሆናል፤ ይሞታልም» ብለው ፈቃድ ይከለክላሉ። እኔ በባሕር ማዶ በተማርሁበት አገርም ወላጆች ይህን መርፌ ሲፈሩ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ፍርሃቱ የአለማወቅ ነውር ሳይሆን የወላጅ ፍቅር ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ኅብለ ሰረሰር በጀርባ አጥንት ውስጥ እስከ ታች አይደርስም፤ ከወገብ በላይ ያበቃል። ሐኪሙ መርፌውን የሚያስገባው ከዚያ በታች፣ በዳሌ አጥንቶች ትክክል በሚገኘው ክፍተት ነው። በዚያ ያሉት በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ እነርሱም መርፌው ሲመጣ ወደ ጎን ይላሉ። የሚወሰደው ፈሳሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ ሰውነትም ወዲያው ይተካዋል። ልጁ ቦታው ለጥቂት ጊዜ ሊያመው፣ ራሱንም ሊያመው ይችላል፤ ይህም ያልፋል።

ታዲያ ከምርመራው በኋላ የሞቱ ልጆች የሉም ወይ? አሉ፤ ነገር ግን የሚበዙት የሞቱት በመርፌው ሳይሆን በበሽታው ነው፤ ምርመራው የሚታዘዘው በጽኑ ለታመሙት ስለ ሆነ ሰው ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ሐኪሙም ምርመራው የማይገባበትን ጊዜ ያውቃል። ልጁ ራሱን ፈጽሞ ስቶ የአንጎሉ ግፊት ከፍ ያለ መሆኑ ከታየ፣ ደሙ የማይረጋ ከሆነ፣ ወይም መርፌ በሚገባበት ቆዳ ላይ ቁስል ካለ፣ ምርመራውን ያዘገየዋል። ምርመራው ቢዘገይም መድኃኒቱ አይዘገይም፤ የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ ወዲያው ይሰጣል። ጤና ጣቢያውም ልጁን ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት ይህን የመጀመሪያ መርፌ የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

፰. ውኃው ምን ይናገራል?

የጤነኛ ልጅ ፈሳሽ ከምንጭ ውኃ አይለይም። በባክቴሪያ በታመመው ልጅ ግን ፈሳሹ ብዙ ጊዜ እንደ ሩዝ ውኃ ይደፈርሳል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ላቦራቶሪ ሳይጠብቅ ዓይኑ ይነግረዋል። ጠርቶ የታየ ፈሳሽም መመርመር አለበት፤ በበሽታው መጀመሪያ ሳይደፈርስ ሊገኝ ይችላልና።

በላቦራቶሪ በመጀመሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጠራሉ። ከጨቅላነት ያለፈ ጤነኛ ልጅ በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ፈሳሽ ውስጥ ከ5 አይበልጡበትም፤ በባክቴሪያ ማጅራት ገትር በመቶዎች፣ ብዙ ጊዜም ከ1,000 በላይ ይሆናሉ። ቀጥሎ ስኳሩና ፕሮቲኑ ይለካሉ። በጤና ጊዜ በፈሳሹ ያለው ስኳር በደም ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ በባክቴሪያ በሽታ ስኳሩ በብርቱ ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ ግን ይጨምራል። በቫይረስ በሽታ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ አይቀንስም።

ከዚያ በኋላ ጠብታው በመስተዋት ላይ ደርቆ፣ ግራም የተባለው የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳወቀው ዘዴ በቀለም ይነከርና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሜኒንጎኮከስ በገጻቸው ተያይተው እንደ ተጣመሩ ሁለት የቡና ፍሬዎች ሆኖ፣ በቀይ ቀለም ይታያል። ኒሞኮከስም ጥንድ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጦር ጫፍ ሾል ያለና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነው። ይህ ምርመራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ሐኪሙን በፍጥነት ይመራዋል። የቀረው ፈሳሽ ባክቴሪያው እንዲያድግ በልዩ ምግብ ላይ ይዘራል፤ ውጤቱም ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገድለውም ይገልጻል። ሜኒንጎኮከስ ቅዝቃዜን የማይችል ስለ ሆነ፣ ለዚህ ምርመራ የሚላከው ፈሳሽ በማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥም። ዛሬ የባክቴሪያውን ዘር የሚለይ ፒ.ሲ.አር. የተባለ ምርመራም አለ፤ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከሞተ በኋላ እንኳ ሊያገኘው ይችላል።

ይህ ሁሉ ለአንዱ ልጅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአንድ ወረዳ የበሽታው ቁጥር በሳምንት ውስጥ ከመጠን ሲያልፍ ወረርሽኝ መነሣቱ የሚታወቀው፣ የትኛውም ክትባት እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው ከእነዚህ ጠብታዎች ነው። አንድ ወላጅ ለምርመራው ሲፈቅድ የጎረቤቱንም ልጅ ይጠብቃል።

፱. ከዳነ በኋላ

ወደ ሁለቱ ልጆቻችን እንመለስ። የ9 ዓመቱ ልጅ በዚያው ቀን የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቶ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ የጀርባው ውኃ ተመርምሮ፣ ሕክምናውን ፈጽሞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሕፃኗም ሐኪሞች ደክመውባት በሕይወት ወጣች። ቤት ከገቡ በኋላ ግን እናቲቱ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ልጇ ፊቷን ስታይ ትስቃለች፤ ከበስተኋላዋ ስትጠራት ግን ዘወር አትልም።

የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ መስማትን ያጠፋል፤ ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ በበሽታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከተወለዱ በኋላ መስማት ለሚያጡ ልጆች ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ይኸው በሽታ ነው። በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት እንዳለ የሰፈራችን ሰው ያውቃል። በምልክት ቋንቋ የሚማሩት ልጆች ለአገር የሚጠቅሙ ዜጎች ይሆናሉ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ፍጥነት ሊተርፍ የሚችል ጆሮ በመዘግየት ሊጠፋ አይገባም።

ስለዚህ ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ቢዘገይም በአራት ሳምንት ውስጥ፣ መስማቱ ሊመረመር ይገባል። ከበሽታው ተመልሶ ትምህርት የከበደው፣ ሲጠሩት የማይሰማ ወይም የሚንዘፈዘፍ ልጅ ሲያጋጥማችሁ፣ መምህራን ሆይ፣ «ሰነፍ ሆነ» ብላችሁ አትገሥጹት፤ ወደ ምርመራ እንዲወሰድ ወላጆቹን ምከሩ።

፲. የመምህራንና የቤተሰብ ተግባር

1. በደረቁ ወራት የክፍሎቻችሁን መስኮቶች ክፈቱ፤ በሽታው በሳልና በምራቅ ብናኝ፣ በተጨናነቀና አየር በማይገባበት ቤት በቀላሉ ይተላለፋልና።

2. ትኩሳት ያለበት ልጅ ከራስ ምታት፣ ከትውከት ወይም ከመፍዘዝ ጋር ሲታይ ብቻውን ወደ ቤቱ አትላኩት። ሰው ይከተለው፤ ወላጆቹም ወዲያው ይጠሩ።

3. ሕፃናት ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሰጣቸውን ክትባት ሳያቋርጡ እንዲፈጽሙ አድርጉ። የሂብ ክትባት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት ከ2011 ጀምሮ በጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ከበሽታው ሦስት ዋና ባክቴሪያዎች ሁለቱ የሚመከቱት በዚህ ነው።

4. በሽታው በአንድ ልጅ ላይ ከተገኘ አብረውት በአንድ ቤት የሚኖሩት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ይጠይቁ። ማንም በገዛ ፈቃዱ መድኃኒት ገዝቶ አይዋጥ።

5. ሐኪሙ ከጀርባ ውኃ ለመቅዳት ፈቃድ ሲጠይቅ የፈራችሁትን ሁሉ ጠይቁት፤ ከዚያም ፍቀዱ።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዚህ በሽታ ግን አንድ ቃል እንጨምርበት፤ ከተያዙም በኋላ መፍጠን። የትልቁን ልጅ ማጅራት ተመልከቱ፤ በሕፃኑ ላይ ግን ማጅራቱ እስኪገተር አትጠብቁ። ሕፃኑ ጡት እንቢ ያለ ዕለት፣ የደነዘዘ ዕለት፣ እርግብግቢቱ ያበጠ ዕለት በሽታው በሕፃን ቋንቋ ስሙን ተናግሯልና፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።